አምስት ባህር በስድስት ሌሊት

ሰው ክፍሉን ለቅቆ ከሄደ በኋላ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ አውቃለሁ። ሥራዬ ነበር። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ሆቴል አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ አልጋ እያነጠፍኩ፣ በኋላ ደግሞ ሌሎች ያነጠፉትን እየዞርኩ የምፈትሽ ተቆጣጣሪ ሆኜ። አንድ ሌሊት የሚያድር እንግዳ ሻንጣውን መሬት ላይ ከፍቶ ይተወዋል፣ ከውስጡ እየጎተተ ይለብሳል፣ ያለውን ፎጣ ሁሉ ያረጥባል፣ ሲሄድም አንድ ነገር ሳይረሳ አይሄድም። ሳምንት የሚቀመጥ ሰው ግን በሁለተኛው ቀን ጫማውን አልጋ ሥር ይደረድራል፣ በሦስተኛው ቀን ልብሱን መሳቢያ ውስጥ ይከታል። መሳቢያ የከፈተ እንግዳ ገብቷል ማለት ነው። ያልከፈተው መንገደኛ ነው፤ መንገደኛ ደግሞ አልወድም።

ይህን ያስቀደምኩት ስለ ታላቅ ወንድሜ ላወራ ስለሆነ ነው። ጋሼ ነው የምለው። ቤቱ እዚያው አሌክሳንድሪያ ነው፤ ግን አርፎ አይቀመጥበትም። ቅዳሜ ከሆነ ከሎረል እስከ ሄርንደን ለቅሶውን፣ ልደቱን፣ ክርስትናውን ሲያዳርስ ይውላል፤ አንዱም ቤት ሁለተኛ ጉርሻ አይቀበልም፣ ሌላ ቦታ ይጠብቁኛል ይላል። የሄደበትን አገር የሚያስታውሰው በማይል ነው። ስለ ናያጋራ የጠየቃችሁት እንደሆነ የሚነግራችሁ ስለ ፏፏቴው ሳይሆን ስንት ሰዓት እንደነዳ ነው። ጂፒኤስ ገና ብርቅ በነበረበት በዚያ ሰሞን አንዱን ገዝቶ መስታወቱ ላይ ለጠፈውና፣ ለዓመታት ወደሚያውቀው ሥራው እንኳ መንገድ ያስመራው ጀመር። ስስቅበት «ትራፊክ ካለ ይነግረኛል» አለኝ። ትራፊኩ በየቀኑ አለ።

እናታችን ከደብረ ብርሃን ከመጣች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። ባህር ዓይታ አታውቅም። ጉልበቷን ያማታል፤ ቤተ ክርስቲያን አንዲት ሴትዮ የባህር ውሃ ለጉልበት ፍቱን ነው ስላለቻት ነገሩ ከልቧ አልወጣ አለ። እማዬ ልጆቿን ይህን አድርጉልኝ ብላ የምታውቅ ሴት አይደለችም። የተሰጣትን ትለብሳለች፣ የቀረበላትን ትበላለች። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ቤት ካልሲ ስናጣጥፍ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀችኝ።

«ጠበል እንኳ ሰባት ቀን ነው» አለች። «ከወሰዳችሁኝ አይቀር አንድ ቦታ አስቀምጡኝና ሰባት ጠዋት እግሬን ልንከረው። ሌላ ማየት አልፈልግም።»

«አንድ ቦታ፣ ሰባት ጠዋት» አልኳት። ቃል ገባሁላት።

ከዚህ የቀለለ ልመና ምን አለ? ግን ነገሩን ለጋሼ መንገር ግድ ነበር። የሰማ ዕለት ዓይኑ በራ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሁላችንንም ቤቱ ጠራንና መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በቀለም ያተመውን ወረቀት አደለን፤ እንግሊዝኛ ለማታነበው ለእማዬም ሳይቀር። ሰኞ ሪሆበዝ፣ ማክሰኞ ኦሽን ሲቲ፣ ረቡዕ ቺንኮቲግ፣ ሐሙስ ቨርጂኒያ ቢች፣ ዓርብና ቅዳሜ ናግስ ሄድ። አምስት ባህር በስድስት ሌሊት። ከላይ የእማዬ ፎቶ አለ፣ ከፎቶው ጎን የመርከብ መልሕቅ ተስሏል።

«ጋሼ፣ አምስቱም ጋ ያለው ውሃ እኮ ያው አትላንቲክ ነው» አልኩት።

«ቢቹ ይለያያላ» አለ። «ሁሉም የየራሱ ካራክተር አለው።»

«እማዬ የምትፈልገው አንድ ቦታ፣ ሰባት ጠዋት ነው። ኦሽን ሲቲ አንድ አፓርትመንት ሬንት እናድርግና ቁጭ እንበል። ጾም ነው፣ ሬስቶራንት አንበላ፤ ቢያንስ ኪችን ይኖረናል።»

ለኔና ለጋሼ ፈቃድ የተገኘው ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ ጾም ነበር። ጋሼ ስለ ጾሙ አላሰበም። እሱ የሚያስበው ስለ መንገዱ ነው።

«አሜሪካ ድረስ መጥታ አንድ ቢች ብቻ?» አለ። «ሰው ሲጠይቃት ምን ልትል ነው?»

ሰው። ይህ ሰው የሚሉት ማን እንደሆነ ስጠይቀው ኖሬ አንድ ቀን እንኳ በስሙ አልነገረኝም። መኪና ሲገዛ ሰው ምን ይላል፣ ልጁን ክርስትና ሲያስነሳ ሰው ምን ይላል። ፌስቡክ ከገባ ወዲህማ ሰውየው ኪሱ ውስጥ መኖር ጀመረ። እናቱ ጉልበቷን ነክራ ብትድን ሰው አያይላትም፤ በአምስት ከተማ ታፔላ ሥር ብትገተር ግን ሁሉም ያይላታል።

«ቼክ አውት ከምሳ በፊት ነው» አልኩት። እዚህ ላይ እንኳ ይሰማኛል ብዬ ነበር፤ የምናገረው ስለ እንጀራዬ ነው። «ቼክ ኢን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው። በመሃል ያለውን አራት ሰዓት በየቀኑ የት ትቀመጣለች?»

«ቫኑ ኤሲ አለው» አለ።

እማዬ አጠገባችን ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ መልሕቁን በጣቷ ትነካካለች። ጋሼ ዞር ብሎ «እማዬ፣ አንድ ይሻልሻል አምስት?» አላት። እንዲህ ሲጠየቅ፣ ልጆቿ ተፋጠው ባሉበት፣ እናት ምን ትላለች?

«እናንተ እንዳላችሁ» አለች።

እሱ እንደ ፊርማ ቆጠረው። ታላቅ ነውና ከዚያ በላይ አልተከራከርኩም። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ብዬ ወረቀቴን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ወረወርኩት። ለእማዬ የገባሁላት ቃል ግን አብሮ አልተጣጠፈም፤ እስከ ነሐሴ ድረስ ሲከነክነኝ ከረመ።

ጋሼ ስለ እማዬ ከኔ ጋር ሲፋጠጥ የመጀመሪያው አልነበረም። የቪዛ ወረቀቷን አስጨርሶ ያመጣት እሱ ነው፤ አልክድም። ምድር ቤቱን አስጠግኖ ክፍል አዘጋጅቶ እኔ ጋ ትኑር ብሎም ነበር። ለስሙ ነው ብዬ ናቅሁት። እናት የጋራ ናት አልኩ። በቤተሰባችን ሥርዓት የማውቅ እኔ ስለሆንኩ ካላንደሩን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ወር አሌክሳንድሪያ፣ አንድ ወር ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ወር ሎረል ታናሽ እህታችን ጋ። ሦስት ቀለም ቀብቼ ሦስቱም ቤት ፍሪጅ ላይ አስለጠፍኩት። የኔ ፈረቃ ማለዳ ስለሚጀምር በኔ ወር ልጄን የትምህርት ቤት ባስ ላይ የምታሳፍርልኝ እማዬ ናት። በሎረል ወር ሕፃን ትይዛለች። ለሁሉም ደረሰው፣ ማንም አልተቀየመም። ሥርዓት ማለት ይኼ ነው፤ የመልሕቅ ሥዕል አያስፈልገውም።

ሰኞ ጠዋት በሁለት መኪና ወጣን። ጋሼ፣ ሚስቱና ሁለት ልጆቹ በቫኑ፤ እኔና የአሥር ዓመት ልጄ በኔ ኮሮላ። ባሌ ፈቃድ አላገኘም፤ ታናሽ እህታችን ሕፃኗን ይዛ ቀረች። እማዬን ክብር ነው ብሎ ቫኑ ውስጥ ከፊት አስቀመጣት። የጾሙ ምግብ፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ እንጀራው፣ በትልቅ ኩለር እኔ መኪና ኋላ ነው። የእማዬን ሻንጣ ቫኑ ላይ ስጭን ወገቤ ሊቆረጥ ነበር። ከአገር ቤት ይዛው የመጣችው ትልቁ ሻንጣ ነው።

«ለስድስት ቀን ይኼን ሁሉ ምን ያደርግልሻል?» አልኳት።

«እንዳለ ነው ያመጣሁት» አለች።

ሪሆበዝ ስንደርስ ቀኑ መሽቷል ማለት ይቻላል፤ መንገዳችን ላይ ያለው ትልቅ ድልድይ በመኪና ተጨናንቆ ነበር። ጋሼ መጀመሪያ ያደረገው እማዬን «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለው የከተማው ታፔላ ሥር ማቆም ነው። ከዚያ ሞቴል፣ ከዚያ እንቅልፍ። ባህሩን ያየችው በማግስቱ ጠዋት ነው። ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ በሌላው ክንዴን ይዛ ገባች። ውሃው መጥቶ እግሯን አለበሰው። ሲመለስ አሸዋውን ከሥሯ ሲስበው ክንዴን ጨመቀችኝ።

«ይኼ ይጎትታል» አለች። ግን አልወጣችም። ትንሽ ቆይታ «አንድ» አለች።

ሰባቱን መቁጠር መጀመሯ ነው። ልቤ ተነካ። ወዲያው ጋሼ ከኋላችን ሰዓቱን እያየ መጣ፤ ክፍል መልቀቂያ ደርሷል። ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆመችም። ለዚህ ሩብ ሰዓት ግማሽ ቀን ተነድቷል።

ኦሽን ሲቲ ከዚያ ቅርብ ስለሆነ ገና ቀትር ሳይሆን ደረስን፤ ክፍሉ ግን የሚከፈተው ከሰዓት በኋላ ነው። ጋሼ ልጆቹን ሰብስቦ ወደ ባህሩ ዳር የእንጨት መንገድ ሄደ፣ ልጄም ተከተለቻቸው። እኔና እማዬ ቫኑ ውስጥ ቀረን። እማዬ ጾመኛ ናት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። ከፊታችን የቆሻሻ ገንዳና የሰው ዋና ልብስ የተሰጣበት በረንዳ አለ። ኤሲው ነፋ፣ ነዳጁ ነደደ። እንግዲህ ይኼ ነው ካራክተሩ።

«ደከመሽ?» አልኳት።

«መቀመጥ ምን ያደክማል» አለች።

አላስቻለኝም፤ ወርጄ እንግዳ መቀበያው ጋ ሄድኩ። እኔም ሆቴል ነው የምሠራው፣ እናቴ አሮጊት ናት፣ አንድ የተጠረገ ክፍል ካለ ብዬ ለመንኩ። ልጅቷ ማስቲካዋን እያኘከች የለም አለችኝ። መዋሸቷን አውቃለሁ፤ እኔም ስንቱን እንግዳ እንዲህ መልሻለሁ። ያበሳጨኝ እሷ ሳትሆን እኔን ደጅ ጠኚ ያደረገኝ ሰውዬ ነው። እሱ በዚያ ሰዓት በፀሐይ መነጽሩ ልጆቹን ፎቶ ያነሳል።

በማግስቱ ጠዋት እማዬን ይዤ ወደ ውሃው ወረድኩ። እግሯን ነከረች፣ ቆመች፣ «አንድ» አለች።

«ትናንት አንድ፣ ዛሬ ሁለት» አልኳት።

«የትናንቱማ ሌላ ቦታ ነው» አለች። «ቦታ ከተቀየረ ሱባኤው ይፈርሳል። ከአንድ ነው የሚጀመረው።»

ለካ በዚህ ፕላን ስድስት ሌሊት አይደለም ስድሳ ሌሊት ብናድር እማዬ ሰባት አትገባም። ለጋሼ ነገርኩት። እየነዳሁ ስለሆነ በኋላ እናወራለን አለ። ገና ሞተር አላስነሳም ነበር።

ቺንኮቲግ የደረስነው ረቡዕ ከሰዓት ነው። ታፔላ፣ ፎቶ፣ ትንኝ። ትንኙ ይበላል፤ ከሰውነታችን ያልደረሰበት የለም። እማዬ አመሻሽ ላይ ፊቷን ታጥባ ለጸሎት ስትቆም ቦርሳዋን ከፈተች፣ ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች። አልጋው ላይ ቁጭ አለች።

«መጽሐፌ የለም» አለች።

የጸሎት መጽሐፏ ነው። ከአባቷ የወረሰችው፣ ጠርዙ በክር የተሰፋ። ትራስ ሥር አድርጋ ነው የምትተኛው። ኦሽን ሲቲ ከትራሱ ሥር ቀርቷል። እኔ፣ በቀን ሃያ ክፍል የምፈትሸው፣ የሰው የጆሮ ጌጥ ከአንሶላ ውስጥ ለቅሜ የማወጣው፣ የእናቴን አልጋ ሳልነካ ወጥቻለሁ። ለምን? ጋሼ ጥሩምባ እየነፋብኝ ነበራ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኼ ነው። ኀፍረቴን ሁሉ ጠቅልዬ እሱ ላይ ጫንኩት፤ ጀርባው ሰፊ ነው፣ ይችለዋል አልኩ።

«ኮል አድርጊላቸው» አለ። «ሜል ያደርጉልናል። ነገ ቨርጂኒያ ቢች ሪዘርቭድ ነው።»

እማዬ ሁለታችንንም አየችንና «ይቅር» አለች። እኔ ይህን «ይቅር» አውቀዋለሁ። አንድ ነገር ሲነጥቋት የምትለው ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሻንጣዋን ከቫኑ አውርጄ ኮሮላዬ ውስጥ ጫንኩ። ጋሼ ጂፒኤሱን እየነካካ ቀና አለ።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ኋላ።»

«ፕላኑስ?»

«ፕላኑን አንተ ጨርሰው። አምስቱንም ዓይተህ ትነግረናለህ።»

ሚስቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እማዬ ወርዳ ግንባሩን ሳመችው፣ «በሰላም ግቡ ልጄ» አለችው፣ እኔ መኪና ውስጥ ገባች። ጋሼ ትንሽ ቆሞ አየን፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ነዳ። ጂፒኤሱ ተመለስ አላለውም።

መጽሐፉ ተገኘ። ኦሽን ሲቲ ያጸዳችው ሴት በላስቲክ ከረጢት አድርጋ የክፍሉን ቁጥር ጽፋበት ነበር፤ ይህችን ሴት ባገኛት እጇን እስም ነበር። ያቺው ባለ ማስቲካ ልጅ አንድ እንግዳ ስለቀረ ከኋላ በኩል፣ ባህሩን የማያሳይ ክፍል አለ አለችኝ። የሚያሳየው መኪና ማቆሚያውን ነው። ለሦስት ሌሊት ያዝኩት።

ያን ዕለት ከሰዓት እማዬ ሳልነግራት ሻንጣዋን ከፈተች። ግድግዳው ጋ ባለ አራት መሳቢያ ቁምሳጥን አለ። ከላይኛው ጀመረች። የውስጥ ልብሷን፣ ሻርፖቿን፣ መድኃኒቷን። ሁለተኛው ውስጥ ቀሚሶቿን፣ ሦስተኛው ውስጥ ነጠላዎቿንና የፎቶ አልበሟን። አራተኛው ውስጥ ወፍራሙን የክረምት ካፖርቷን አስገባች፤ በነሐሴ ሙቀት። ካፖርቱ አልገባ ሲላት በጉልበቷ ገፋ አደረገችው። መጽሐፉን አልጋዋ አጠገብ ካለው መብራት ሥር አኖረች። ከዚያ ባዶውን ሻንጣ ዘግታ፣ ከአልጋው ሥር በእግሯ ገፍታ ገፍታ እስኪሰወር ድረስ አስገባችው። ተነሥታ ወገቧን ይዛ ክፍሉን አየችው።

ልጄ ከስልኬ ቀና ብላ «ሺ ሉክስ ሶ ሃፒ፣ ማሚ» አለችኝ።

የተሰማኝ ድል ነው፤ ምን እደብቃለሁ። አሥራ አንድ ዓመት በሙያዬ ያየሁት ነገር እናቴ ላይ ተፈጸመ። በሦስተኛው ቀን እንኳ አይደለም፣ በመጀመሪያው። ዓርብ ጠዋት ውሃው ውስጥ ቆማ «አንድ» አለች። ቅዳሜ በዚያው ቦታ «ሁለት» አለች። ከሰዓት እንጀራችንን በክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን እንበላለን፣ ከዚያ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር በር ላይ አውጥተን የሰው መኪና ሲገባና ሲወጣ እናያለን። ጎረቤት ክፍል ያረፉ አንድ ሽማግሌ ሰውዬ ጠዋት ጠዋት ለእማዬ ባርኔጣቸውን ያነሱላት ጀመር። እሷም አንገቷን ሰበር ታደርጋለች። በሁለት ቀን ሰፈር አወጣች።

ጋሼ ዓርብ ጠዋት ከቨርጂኒያ ቢች ደውሎ ነበር። ትንሹ ልጁ ሙቀት መትቶት አስታውኳል፣ ክፍሉ ሲጋራ ይሸታል፣ ግን የባህሩ ቪው አሪፍ ነው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሳቄን አፈንኩት። ፌስቡክ ላይ የቫኑን ማይል ማሳያ ፎቶ አንሥቶ ለጠፈ፤ ይገባችኋል፣ ባህር ዳር ሄዶ የመኪናውን ቁጥር ነው ያነሳው። ለእማዬ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ዓይታ መለሰችልኝ፣ አልሳቀችም።

እሁድ ጠዋት «ሦስት» አለች። ከውሃው ስትወጣ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች እንጂ የቀሩትን አራት አላነሳችም።

ክፍላችን ተመለስን። መልቀቂያ ሰዓት እየደረሰ ስለሆነ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ጎትቼ አወጣሁና መሳቢያዎቹን ማራገፍ ጀመርኩ። እጄ ፈጣን ነው፤ አንዱን መሳቢያ ሰው ምራቁን ሳይውጥ አራግፋለሁ። እያጣጠፍኩ ስለ ጋሼ አወራለሁ። አምስት ባህር አልኩ። ሰው በሰው አገር እንደ ፖስታ ቤት ዕቃ እየታተመበት አልኩ። እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ መጽሐፏን ይዛለች።

«ወንድምሽን አትሳቂበት» አለች።

«እንዴት አልስቅ እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ ከሞቴል ሞቴል ሲያዞርሽ?»

«እሱ ሦስት ቀን ነው ያዞረኝ» አለች። ድምጿ አልተለወጠም፣ ቁጣም የለበትም። «አንቺ ሦስት ዓመትሽ ነው።»

እጄ ሦስተኛው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ከነጠላዎቹ ላይ ማንሳት አቃተኝ።

«ዛሬ ማን ጋ ነው ተራዬ?» አለች ቀጥላ።

«ሎረል።»

ራሷን ነቀነቀች። ተነሥታ አራተኛውን መሳቢያ ራሷ ከፈተችና ካፖርቷን አውጥታ ሰጠችኝ።

ሎረል አደረስኳት። ምን ላድርግ፣ እህቴ ትጠብቃለች፣ ሰኞ ሥራ ልትገባ ነው፣ ሕፃኑን የሚይዝላት የለም። በመንገድ ላይ ስለ ዘንድሮ በቆሎ አወራን። ሻንጣውን ሳሎን ካለው ሶፋ ጀርባ አቆምኩት፤ ሁልጊዜ የሚቆመው እዚያ ነው። እማዬ ሕፃኑን ታቅፋ በሩ ድረስ ሸኘችኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ገብቼ በቀጥታ ወደ ልጄ ክፍል ሄድኩ፤ እማዬ በኔ ወር የምትተኛበት። ሥራ ላይ እንደማደርገው ከበሩ ጀምሬ ፈተሽኩ። ስድስት መሳቢያ አለ። ስድስቱንም ከፈትኩ። የልጄ ሹራብ፣ የልጄ የዋና ልብስ፣ ያደገችበት ጫማ፣ ቀለም፣ አሻንጉሊት። በአልጋውና በግድግዳው መሃል ምንጣፉ ላይ አራት ማዕዘን ጠባሳ አለ፣ ጸጉሩ የተጫነ። ሻንጣው በየወሩ ሲመለስ የተኛበት ቦታ ነው። በዚህ ክፍል በሳምንት ሁለት ቀን መጥረጊያ አሳልፌያለሁ፤ ያን ቦታ ስደርስ ሻንጣውን ገፋ አድርጌ፣ ጠርጌ፣ መልሼ አስቀምጠው ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሉት ተረት እኔን ዓይቶ የተተረተ ነው።

ካላንደሩን ግን በዚያ ቀን አልቀደድኩትም። እንዲህ ያለ ነገር ሲያነቡ ሰው ወዲያው የሚለወጥ ይመስላል። እኔ ምክንያት ፈለግሁ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፣ ባሱ አለ፣ ፈረቃዬ አለ። ወንድሜን ሰው ምን ይላል ይላል ብዬ ስንቀው የኖርኩ ሴት፣ የናቴን ሻንጣ ለአንድ ባስ ብዬ አስሬ አቆየሁት። የኔ ወር መጥቶ ሁለት መሳቢያ ባዶ አድርጌ ሳሳያት «ተይው፣ ልጅቷ ቦታ ይጠባታል» አለች፤ አንድም ነገር አላስገባችበትም። መንገደኛ እንግዳ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ነግሬያችኋለሁ።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ለጋሼ ደወልኩለት። የምሰማውን አዘጋጅቼ ነበር፤ ሲኮፈስ፣ ነግሬሽ አልነበር ሲል፣ ሦስት ዓመቴን ሲቆጥርልኝ። እማዬ ተራው ቀርቶ አንተ ጋ ትቀመጥ አልኩት። 

«ክፍሉ እንዳለ ነው» አለ። ሌላ አልጨመረም። ቢኮፈስ ይሻለኝ ነበር።

ልጄን ባስ ላይ የምታሳፍርልኝ ጎረቤት ተገኘች፤ ለካ ሁለት በር አልፋ ነው የምትኖረው። እህቴም ሕፃኑን የሚይዝላት ሰው አገኘች። ሦስት ዓመት ያልተገኘ ነገር በሁለት ሳምንት ተገኘ።

ገና ላይ ጋሼ ቤት ሄድኩ። እሱ ሳሎን ለመጪው ሰመር አዲስ ወረቀት አትሞ ለልጆቹ ያሳያል፤ ስድስት ባህር አድርጎታል። በዚህ ጉዳይ ዛሬም አልምረውም፤ ባህር አንድ ቦታ ተቀምጠው ነው የሚያዩት፣ ስለ ባህሩ እኔ ነበርኩ ትክክል። ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። እማዬ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ትጸልይ ነበር። እስክትጨርስ ልማድ ሆኖብኝ አንዱን መሳቢያ ሳብ አደረግኩ። ነጠላዎቿ ናቸው። ከሥራቸው የአምናው ወረቀት ከነመልሕቁ ተነጥፏል። የታችኛውን ሳብኩ፤ ካፖርቱ። አልጋውን፣ ቁምሳጥኑን፣ የበሩን ጀርባ በዓይኔ ፈተሽኩ።

«ጉልበትሽስ?» አልኳት ስትጨርስ።

«ያው ነው» አለች።

«ሻንጣሽ የታለ?»

«ላክሁት» አለች። «አንዲት አገር ቤት የምትገባ ሴት ልብስ ሞልታ ወሰደችው። ምን ያደርግልኛል?»